የሚንኳኳውን መስታወት ከመንካትህ በፊት

ልጄ፣

የአባትህ ቮልስ የኋላ መስታወት እየተንኳኳ እንዳስቸገረህ ላገኘኸው ሁሉ ስትናገር መክረምህን ሰማሁ። አንዱ «ሲሊኮን ሙላበት» ይልሃል፤ ሌላው «ካርቶን አጥፈህ ሸጉጥበት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሽጠህ ቪትዝ ግዛ» ብሎ ይገላግልሃል። በምትኖርበት በጥርባ መካሪ ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ልጨመርባቸው። ዕድሜዬን ቱታ ለብሼ መኪና ሥር ተኝቼ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ግን የኔ ትንሽ ይረዝማል።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ አትሽጠው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የሚሸጥልህ ቪትዝ ሌላ ሰው የሰለቸው ነው፤ የራሱን ኳኳታ ይዞ ይመጣል። የቮልስ ግን ብሎኑ ፊት ለፊት ይታያል፤ ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፍ የያዘ ሰው አብዛኛውን ሥራውን ይሠራዋል። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ሲሆን እስከዚያ ድረስ 21,529,464 ተሠርቷል። ይህን ያህል የተሠራ መኪና ዕቃው ቶሎ አይጠፋም። ደግሞም የአገር ታሪክ ያለበት መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። የዚያኛው መስታወት ይንኳኳ እንደሆነ የነገረን የለም፤ በዚያን ቀን ማን ያዳምጣል!

ጓደኞችህ ፊት «ስፖርት መኪና ነው» እያልክ እንደምትኮራም ደርሶኛል። ይስቁብህ ይሆናል፤ እኔ ግን አልስቅም። ፖርሽ በ1948 እ.ኤ.አ. 356 የተባለውን የመጀመሪያ ስፖርት መኪናውን ሲሠራ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከቮልስ ነው። በ1955 የወጣው ካርማን ጊያም ያ ሁሉ ቁንጅናው የተቀመጠው በቮልስ ሻንሲ ላይ ነው። በሁሉም ላይ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ከሞተሩ በላይ በጎማ የተያዘ መስታወት አለ። ስለዚህ አንተን ያስቸገረህ ነገር አውሮፓ ውስጥ ጋራዡን በምንጣፍ ያስጌጠውንም ሰው ያስቸግረዋል። እሱ ከፍሎ ያሠራል፤ አንተ ራስህ ትሠራለህ፤ ልዩነታችሁ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። «የኋላ መስታወት ነው» ተብሎ ከሚመጣው ኳኳታ ብዙው የመስታወቱ አይደለም። ስለ ፈረስ ለአንተ አልነግርህም፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲጋልቡ እያየህ ነው ያደግኸው። የሚያነክስ ፈረስ የሚነቀንቀው አናቱን ነው፤ ጠጠሩ ያለው ግን ሰኮናው ውስጥ ነው፤ አናቱን የሚያሽለት ሰው አይተህ አታውቅም። መኪናህም እንደዚያው ነው። የኋላው መስታወት ሰፊ ነገር ስለሆነ ሌላ ቦታ የተነሣውን ንዝረት ተቀብሎ እሱ ይጮኻል፤ አንተም እሱን ትከሳለህ።

መጀመሪያ መኪናውን ባዶ አድርገው። ክሪኩ፣ ጃንጥላው፣ የውኃው ጠርሙስ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ይውጣ። የሲጋራ መተርኮሻውን አውጥተህ ገልብጠው፤ አባትህ አያጨሱም ነበር፣ ሳንቲም ግን ያስቀምጡበት ነበር። ይህን ብቻ አድርገው ድምፁ የጠፋላቸው ሰዎች አሉ፤ አፍረው ግን አይናገሩም።

ቀጥለህ መኪናውን አቁመህ ሞተሩን አስነሣና ጓደኛህ ነዳጁን ቀስ እያለ ይርገጥልህ። አንተ ከኋላ ቁም። ድምፁ መኪናው ቆሞ እያለም የሚመጣ ከሆነ፣ በተለይም ሞተሩ አንድ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ብቻ ጮኾ ካለፈ በኋላ ዝም የሚል ከሆነ፣ ኮረኮንቹን አትውቀስ። መዳፍህን የሞተሩ ኮፈን ላይ ጫን፤ ዝም ካለ ተገኘ ማለት ነው። የኮፈኑ ዙሪያ ጎማ ደርቋል፣ ወይ መቆለፊያው ላልቷል፣ ወይ የታርጋ መብራቱን የያዙት ብሎኖች ተፈትተዋል። ኮፈኑን ከፍተህ በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያሉትን የላሜራ ብሎኖች አጥብቅ፤ ይህን ስታደርግ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። ቺንጋው እጅጌ አይመርጥም። ማርሚታውንም ከሥር ነቅነቅ አድርገው፤ ማሰሪያው ሲላላ የሚያወጣው ድምፅ ተሳፋሪው ዘንድ የሚደርሰው በመስታወቱ በኩል ነው።

መኪናው ሲቆም ዝም ብሎ፣ ሲሄድ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ መንገድ ያስፈልግሃል። ጥርባ ላይ ኮረኮንች አይጠፋም፤ አንድ ቁራጭ መንገድ ምረጥና ያንኑ በዚያው ፍጥነት እየተመላለስክ ሞክር። ዛሬ አስፋልት ላይ ነገ ኮብልስቶን ላይ እየሞከርክ «ተሻለው፣ ባሰው» ብትል ራስህን ታታልላለህ። ጓደኛህ ይንዳ፤ አንተ የኋላ ወንበር ላይ በጉልበትህ ተንበርክከህ ወደ ኋላ ዙር። ሬዲዮ የለም፣ ወሬም የለም። መዳፍህን መስታወቱ መሃል ላይ አሳርፍ፤ ቀጥለህ በጣትህ አራቱን ማዕዘን አንድ በአንድ ጫን። አንዱ ማዕዘን ላይ ስትጫን ድምፁ ከተቋረጠና ስትለቅ ከተመለሰ፣ አሁን ገና ስለ መስታወት ልናወራ እንችላለን። በጎን ያሉት ትንንሾቹ መስታወቶች የሚከፈቱ ዓይነት ከሆኑ እነሱንም እንዲሁ ያዝ፤ ማጠፊያቸውና መቆለፊያቸው ላይ ያለችው ጎማ ስታልቅ ብረት ከብረት ይጋጭና ልክ ከኋላ የመጣ ይመስላል።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ጨምር። ከደብተር ላይ ሁለት ጣት የምትሰፋ ወረቀት ቅደድና በመስታወቱና በጎማው መካከል ለማስገባት ሞክር፤ ዙሪያውን ሁሉ። ጤነኛ ጎማ ወረቀቱን አያስገባም፤ ያረጀው ግን፣ በተለይ የላይኞቹ ማዕዘኖች ላይ፣ ፖስታ ሣጥን ይሆናል። ጎማ በፀሐይ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ ከማዕዘኖቹ ይሸሻል። በዚያ በኩል አቧራ ይገባል፤ አቧራው ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር እየተፋጨ ክፍተቱን ያሰፋዋል። በክረምት ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ውኃ ይገባል፤ የአገው ምድር ክረምት እንዴት እንደሚያወርደው ለአንተ አይነገርም።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ፤ ከኳኳታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ውኃ ነው። ከኋላ መስታወት የገባ ውኃ ወደ ውጭ አይመለስም። በወንበሩ ጀርባ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። የቮልስ ባትሪ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል። ወንበሩን አንሣና በእጅ ባትሪ አብርተህ ተመልከት። ባትሪው የተቀመጠበት ላሜራ ቀልቷል ወይስ ጭራሽ እንደ ወንፊት ሆኗል? በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርገው፤ ከሰመጠ ከመስታወቱ በፊት ላሜሪስት ዘንድ ነው የምትሄደው። ሌላም አለ። የባትሪው ጫፎች ላይ ክዳን መኖሩን እይ። ክዳን ከሌለና ከባድ ሰው ከላይ ከተቀመጠ የወንበሩ ሞላ ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፤ የወንበሩ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ነገር ነው፣ ይቀጣጠላል። በዓለም ዙሪያ በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ቮልስ ብዙ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠህ አልብሰው፤ ዛሬውኑ፣ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርስም ቢሆን።

ላሜራው ደኅና ከሆነና ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ጎማውን መቀየር ነው። ሲሊኮን ግን አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ካላወቅህ ነገ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ያሸንፍሃል። ገበያ ላይ የሚበዛው ሲሊኮን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነው። ያ ሽታ አሲድ ነው፤ ቀለም የለቀቀው ብረት ላይ ካረፈ ዝገቱን ያፋጥነዋል፤ አንተ ከላይ ደፍነኸዋልና ሲበላ አታይም። ቀጥሎ ደግሞ ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ቀቢው ምንም ቢጠበብ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራበታል። ኳኳታው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፣ አዎ። ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ መስታወቱን ማውጣት መከራ ይሆናል። ካርቶኑ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዝልሃል። ክረምቱ እስኪያልፍ የግድ አንድ ነገር ማድረግ ካለብህ፣ ከብስክሌት ጎማ የውስጠኛው ላስቲክ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ በላላው ማዕዘን በመኪናው ቤት ብረትና በጎማው መካከል ሸጉጥ። ይነቀላል፣ አይዝግም፣ ዕዳ አይተውም።

አዲሱን ጎማ ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትሄድ ወይም ሰው ትልክ ይሆናል። ከእንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የተሳሳተ ጎማ ይዞ መመለስን የመሰለ ነገር የለም። «የቮልስ የኋላ መስታወት ጎማ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። የቮልስ የኋላ መስታወት ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ድሮ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ በ1953 እ.ኤ.አ. እንቁላል መሳይ ሆነ፤ ለ1958 ሞዴል አራት ማዕዘን ሆኖ ሰፋ፤ ለ1965 እንደገና ሰፋ፤ ለ1972 ደግሞ ትንሽ ጨመረ። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም፤ ልዩነቱ በዓይን ስለማይታወቅ ሻጩ «ይሆናል፣ ይሳባል» ይልሃል። የተሳበ ጎማ ደግሞ በዓመቱ አጥሮ ማዕዘኑን ይለቃል፤ ተመልሰህ እዚያው ነህ። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ያዝ፣ ግን እሱንም ብቻ አትመን፤ ስንት ቮልስ ነው በግጭት ምክንያት ከሌላ ቮልስ የተቆረጠ ጀርባ የተበየደለት! የመስታወቱን ቁመትና ስፋት ለካ፤ ሲባጎ በዙሪያው አዙረህ ቁረጥና ሲባጎውን ስጣቸው። ከአሮጌው ጎማም ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጠህ ላክ፤ የቦዩን ቅርጽ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተመልከት፤ ጎማው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ብረት አለ? ካለ አዲሱም ጎማ ለዚያ የሚሆን ቦይ ያለው መሆን አለበት። ያቺ ብረት አልሙኒየም ናት፤ አንዴ ከታጠፈች ቀጥ አትልም። ስትነቅላት ታጋሽ ሁን፤ ስትመልሳት ደግሞ ወደ ጎማው የምትገባው መስታወቱ መኪናው ላይ ከመግባቱ በፊት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራል።

መስታወቱን ስታወጣ ለብቻህ አትሁን። አሮጌው ጎማ ለማንኛውም የሚጣል ነውና ለማዳን አትልፋ፤ ከውጭ በኩል ከንፈሩን በስለት ዙሪያውን ቁረጠው። ስለቱ ወደ ጎማው ያዘንብል እንጂ ወደ መስታወቱ አይሁን። ከዚያ አንዱ ከውስጥ የላይኛውን ማዕዘን በመዳፉ ቀስ ብሎ ይግፋ፣ ሌላው ከውጭ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበል፤ ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። የኋላ መስታወት እንደ አንዳንዱ የፊት መስታወት በመሃሉ ላስቲክ የተጣበቀበት አይደለም፤ በእሳት የተጠነከረ ነው። ፊቱ ላይ ብዙ ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ግን አንዲት ጠጠር ብትነካው ሙሉው በአንድ ጊዜ እንደ በረዶ ይረግፋል። ስለዚህ መሬት ላይ በጠርዙ አታቁመው፤ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። አይቆረጥም፣ አይሞረድም፤ «ትንሽ ሰፋ፣ ልሞርደው» የሚል ሰው ካገኘህ መስታወቱን አቅፈህ ሽሽ። ቀጫጭን የማሞቂያ ሽቦ ያለበት ከሆነ ገመዶቹን ሳትነቅል አትሳብ፤ ውስጡንም በምላጭ አትፋቅ።

አሁን የቤቱ ጠርዝ ተገልጧል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ አንተ ግን እዚህ ላይ ዋል። አሮጌውን ጎማና ሲሊኮን አጽዳ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብሩህ ብረት እስኪታይ ፋቅ። ከታች በኩል፣ ውኃ በሚቆምበት ጠርዝ፣ ቀዳዳ ካገኘህ በስቱኮ አትሸፍነው፤ ስቱኮ ብረት አይሆንም። ላሜሪስቱ ይበይደው፤ የጠርዙን ውፍረት ግን እንዳያሳብጠው ንገረው፤ ጎማው የሚነክሰው ያንን ውፍረት ነው። ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም፤ ከዚያ መጠበቅ። ቀለሙ እርጥብ ሆኖ ጎማ ከለበሰ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ።

አዲሱን ጎማ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፤ ሲሞቅ ይታዘዛል። መስታወቱን ዙሪያውን አልብሰው፤ ማዕዘኖቹ እጥፋት ሳይኖራቸው ልክክ ይበሉ። ቤቱን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን አስገባ፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሃል ላይ ተላልፈው ወደ ውስጥ ይንጠልጠሉ። ጠርዙንና ጎማውን በሳሙና ውኃ አርጥብ። ሳሙና ብቻ! ላቫጆ ውስጥ ጎማው እንዲያበራ ናፍጣ ሲቀቡ አይተሃል፤ ናፍጣም ቤንዚንም ግራሶም ጎማን ያሳብጣል፣ ያልፈሰፍሳል። ለአንድ ቀን ውበት ብለህ ዘመኑን አታሳጥረው። ጓደኛህ ከውጭ መስታወቱን ቦታው ላይ ደግፎ በመዳፉ ይጫን፤ አንተ ከውስጥ ሆነህ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልክ ሳብ። ሲባጎው እየወጣ የጎማውን ከንፈር ከጠርዙ በላይ ያነሣዋል፣ ከንፈሩም ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብረቱን ይነክሳል። አንተ የምትስብበትና እሱ የሚጫንበት ቦታ አንድ ይሁን፤ እየተነጋገራችሁ። ማዕዘን ላይ ሲደርስ እንቢ ካለ ሳሙና ጨምር እንጂ ጉልበት አትጨምር። በመዶሻ እጀታም ሆነ በቡጢ መምታት የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ካልገባ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ቡና ጠጥታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ሲያልቅ ወረቀቷን እንደገና አዙርባት፤ የትም መግባት የለባትም። ውኃ በባልዲ ከላይ እያፈሰስክ ጓደኛህ ከውስጥ ማዕዘኖቹን በጣቱ ይፈትሽ፤ የኋላ ወንበሩንም ለጥቂት ቀን ሳትመልስ ቆይ፤ ዝናብ ሲጥል ባትሪው ዘንድ የሚደርስ ጠብታ መኖሩን ታያለህ። ከዚያ ወደ መረጥከው ኮረኮንች ሂድና በዚያው ፍጥነት ንዳ። ድምፅ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ከኮፈኑ ጀምረህ ተመለስ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በር ስትዘጋ የጎኑን መስታወት ትንሽ ዝቅ አድርገህ ይሁን። ቮልስ አየር የማያስወጣ መኪና ነው፤ ሁሉም ዝግ ሆኖ በሩን ከወረወርከው በውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ፍለጋ አዲሱን ጎማ ይገፋዋል። ይህን ለታናናሾችህም ንገራቸው፤ በር የሚወረውሩት እነሱ ናቸው።